የተሳቢና የጭነት መኪና የፍሬን መብራት በጭነት ሥር እንዳይቀበር

መኸር ሲደርስ የገጠሩ መንገድ መልኩን ይለውጣል። ክረምቱን በጭቃ ተዘግቶ የከረመው ጥርጊያ በኅዳር ደርቆ ይከፈታል፤ ከአርሲና ከባሌ የስንዴ ማሳዎች፣ ከጎጃም የጤፍ አውድማዎች፣ ከፎገራ የሩዝ እርሻዎች የሚነሣው ምርት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ትራክተሩ ተሳቢውን እየጎተተ፣ አይሱዙው ጭዱን ቆልሎ፣ ጋሪው ኩንታሉን ደርድሮ ከአውቶቡስና ከከባድ መኪና ጋር በአንድ መንገድ ይተላለፋል። አርሶ አደሩ ምርቱን ከዋግ፣ ከአንበጣና ከነቀዝ እንዴት መጠበቅ እንዳለበት በየጊዜው ብዙ ተነግሯል። ምርቱ ከማሳ ወጥቶ ጎተራና ገበያ እስኪገባ ባለው ጉዞ ላይ እህሉንም ሰውንም እንዴት መጠበቅ እንደሚገባ ግን የተነገረው እጅግ ጥቂት ነው።

በዚህ ጉዞ ላይ በቀላሉ ሊወገዱ ከሚችሉት አደጋዎች አንዱ ከኋላ የሚመጣ ተሽከርካሪ ከፊቱ ያለውን ባለጭነት ሳያይ ወይም መቆሙን ሳያውቅ የሚደርስበት ግጭት ነው። መንስኤውም አብዛኛውን ጊዜ ውስብስብ አይደለም። ትራክተሩ ሲሠራ በጭቃ መከላከያው ላይ መብራት ተተክሎለታል፤ ተሳቢው ሲቀጠልበት ግን ያ መብራት ከተሳቢው ግድግዳ ኋላ ይሸሸጋል። የጭነት መኪናው መብራት ከጭነት ሳጥኑ በታች ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ጭድ ወይም ገለባ ከሳጥኑ አልፎ ወደ ኋላና ወደ ጎን ተንዘርፍፎ ሲጫን፣ ሸራውም ወደ ታች ሲለቀቅ መብራቱ እንደሌለ ይቆጠራል። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ አምፖሉ በርቶ ይሆናል፤ የሚያየው ግን ጭዱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ከዘንድሮው የምርት ማጓጓዝ ሥራ አስቀድመው ሊመክሩበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም በየተሳቢውና በየጭነት መኪናው ኋላ፣ ጭነት በማይሸፍነው ቦታ፣ አንድ ተጨማሪ የፍሬን መብራት የማስገጠም ጉዳይ ነው። ወጪው ከአንድ የትራክተር ጎማ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሥራውም በማንኛውም ወረዳ ከተማ በሚገኝ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ በግማሽ ቀን ውስጥ የሚያልቅ ነው።

ጉዳዩ የሰዓትም ጉዳይ ነው። በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ድንግዝግዙም ረጅም ስላልሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጨለማው ይነግሣል። ውቂያው ወይም የኮምባይነሩ አጨዳ የሚያበቃው፣ ጭነቱም የሚነሣው ደግሞ በዚሁ ሰዓት ነው። ከዚህም ሌላ ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሾፌር በምሽት የፀሐይ ጨረር ፊቱን ስለሚመታው፣ ዝቅ ብሎ የተሠራና በአቧራ የተሸፈነ መብራት ቢበራም ባይበራም አይለይለትም። በኩንታሉ ወይም በጭዱ አናት ላይ ደግሞ ጫኝና አውራጅ ወጣቶች ተቀምጠው ይሄዳሉ። ይህ ልማድ ራሱን የቻለ ጥፋት በመሆኑ መቅረት ያለበት ነው፤ እስኪቀር ድረስ ግን ከኋላ የሚመጣ ግጭት መጀመሪያ የሚወረውረው እነዚህን ልጆች መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የርቀቱን ሂሳብ ማየት ይጠቅማል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ትራክተር ተሳቢ እየጎተተ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሴኮንድ የሚጓዘው ከ6 ሜትር ያነሰ ነው። ስለሆነም መኪናው በየሴኮንዱ 16 ሜትር ተኩል ገደማ ወደ ተሳቢው ይጠጋል። ሾፌሩ አይቶ፣ አስቦ፣ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዛውር አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትሩ አለቀ። ከዚያ በኋላ በደህና ፍሬንና በደረቅ አስፋልት ፍጥነቱን ወደ ትራክተሩ ፍጥነት ለማውረድ ሌላ 28 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በድምሩ ከ50 ሜትር በላይ ማለት ነው። ትራክተሩ በመሐሉ ፍሬን ይዞ ቆሞ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ርቀት ከ80 ሜትር ይበልጣል። ከኋላ የሚመጣው ከባድ ጭነት የያዘ መኪና ሲሆን፣ ፍሬኑ ደካማ ወይም ጎማው ያለቀ ሲሆን ቁጥሩ ከዚህም ያድጋል። መብራት የሌለው ተሳቢ በጨለማ ለመኪና መብራት የሚገለጠው ስንት ሜትር ሲቀር እንደሆነ እያንዳንዱ መሪ በመንደሩ መንገድ ላይ አንድ ምሽት ቆሞ ራሱ ሊለካው ይችላል።

ተጨማሪ የፍሬን መብራት አዲስ የተፈለሰፈ ነገር አይደለም። በ1974 እ.ኤ.አ. ጆን ቮቮድስኪ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ343 ታክሲዎች ላይ ተጨማሪ የኋላ ማስጠንቀቂያ መብራት አስገጥመው ያደረጉትን ሙከራ ውጤት አሳተሙ። መብራቱ የተገጠመላቸው ታክሲዎች ካልተገጠመላቸው ጋር ሲነጻጸሩ ከኋላ የመገጨታቸው አደጋ በ60.6 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በተከታታይ በተደረጉ ጥናቶች መሠረት ከ1986 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ የቤት አውቶሞቢል ሁሉ በመሐል ከፍ ብሎ የተገጠመ ሦስተኛ የፍሬን መብራት እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ለፒክ አፕና ለመሳሰሉት ቀላል የጭነት መኪናዎች ግዴታው የደረሰው ከ1994 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ነው።

እዚያም ቢሆን የኛው ዓይነት ችግር መታየቱ አልቀረም። በፒክ አፑ ላይ ሦስተኛው መብራት የሚገጠመው አብዛኛውን ጊዜ በጋቢናው ጀርባ፣ ከኋላ መስኮቱ በላይ ነው። ለሽርሽር የሚወጡ ሰዎች ደግሞ በፒክ አፑ የጭነት ሳጥን ላይ አልጋና ማእድ ቤት ያለው ትንሽ ቤት ይጭናሉ፤ ቤቱም መብራቱን ሙሉ በሙሉ ይጋርደዋል። በዚህ የተነሣ የቤቱ ሠሪዎች ወይም ባለቤቶቹ ራሳቸው በቤቱ ጀርባ አናት ላይ ሌላ የፍሬን መብራት ይገጥማሉ። አልጋና ማእድ ቤት ከጭድ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ባይኖርም መብራት በመጋረድ በኩል ሁለቱ አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ያለ ልክ ማጋነን አይገባም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው የረጅም ጊዜ ግምገማ፣ መብራቱ በሁሉም መኪና ላይ ተለምዶ ዓይን ከለመደው በኋላ የሚቀንሰው ከኋላ የመገጨት አደጋ 4.3 በመቶ ያህል ነው ብሏል። ይሁን እንጂ ይህ አኃዝ የተገኘው ሁለቱ መደበኛ የፍሬን መብራቶች በደህና በሚሠሩባቸው መኪናዎች ላይ ነው። በጭድ የተጋረደ ወይም ከናካቴው መብራት የሌለው ተሳቢ ላይ የሚገጠም መብራት ሦስተኛ ሳይሆን የመጀመሪያ ነው። ከዚህ የተነሣ ጥቅሙን በዚያ አኃዝ መለካት ትክክል አይሆንም።

ወደ አገጣጠሙ ሲመጣ በቅድሚያ የሚጠየቀው የቮልት ጥያቄ ነው። ትራክተርና ፒክ አፕ በአብዛኛው በ12 ቮልት ይሠራሉ፤ በአገራችን የሚነዱት መካከለኛና ከባድ የጭነት መኪናዎች ግን በአብዛኛው ባለ 24 ቮልት ናቸው። የ12 ቮልት አምፖል በ24 ቮልት መኪና ላይ ቢገጠም ወዲያው ይቃጠላል፤ ይህስ ቢሆን ስሕተቱ ስለሚታይ ጉዳቱ ቀላል ነው። የከፋው ተቃራኒው ነው። የ24 ቮልት አምፖል በ12 ቮልት ትራክተር ላይ ሲገጠም ይበራል፤ ነገር ግን ፍም ይመስል ደብዝዞ ስለሚበራ ከኋላ ያለው ሾፌር የፍሬን ሳይሆን የማታ መብራት ይመስለዋል። የማታ መብራት አምፖል 5 ዋት፣ የፍሬን መብራት አምፖል 21 ዋት የሆነበት ምክንያት ልዩነቱ በዓይን እንዲታወቅ ነውና ይህ ልዩነት መጥፋት የለበትም።

ሁለተኛው ነገር ሽቦው ከየት ይነሣል የሚለው ነው። በብዙ ተሳቢዎች ላይ የሚገኘው ባለ 7 እግር ስፒና ዓለም አቀፍ ልክ ያለው ሲሆን በዚያ ልክ መሠረት ቀዩ ሽቦ የፍሬን፣ ነጩ የመመለሻ፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻ፣ ጥቁሩ የግራ፣ ቡናማው ደግሞ የቀኝ የማታ መብራት ነው። ስለዚህ ተጨማሪው የፍሬን መብራት ከቀዩ ሽቦ ይነሣል፤ መመለሻውም ከነጩ ጋር ይታሰራል። ነገር ግን በየጋራዡ ሲጠገን የኖረ ተሳቢ ቀለሙን የጠበቀ ሽቦ ይኖረዋል ብሎ ማመን አይቻልም። አንዱ ቀይ ሲያልቅበት በሰማያዊ የቀጠለ፣ ሌላውም ሁሉን በጥቁር የሠራ ይሆናል። ሠራተኛው በመፈተሻ አምፖል እያንዳንዱን ሽቦ ሳይነካና ረዳቱን ፍሬን ሳያስረግጥ ሥራውን ሊጀምር አይገባም። አንዳንድ ከአሜሪካ የሚመጡ ተሽከርካሪዎች ደግሞ ፍሬኑንና ፍሬቻውን በአንድ ሽቦና በአንድ አምፖል የሚያበሩ ናቸው፤ ተጨማሪው መብራት ከዚያ ሽቦ ቢነሣ ሾፌሩ ሲታጠፍ አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። በዚህ ጊዜ ሽቦው በቀጥታ ከፍሬን ማብሪያው መውጫ መምጣት ይኖርበታል።

አንድ ባለ 21 ዋት አምፖል በ12 ቮልት የሚስበው 1.75 አምፔር ነው። ሁለት የትራክተር፣ ሁለት የተሳቢ፣ አንድ ተጨማሪ ሲደመር አምስት አምፖል ይሆናል፤ የሚሳበውም ወደ 9 አምፔር ይጠጋል። ይህ ለአንዳንድ አሮጌ የፍሬን ማብሪያና ለ10 አምፔር ፊውዝ የሚከብድ ነው። ፊውዙ ሲበጠስ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ ወይም በሽቦ አያይዞ መሄድ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ጭድ በጫነ ተሳቢ ላይ ይህን ማድረግ እሳት ከመለኮስ አይለይም። መፍትሔው ሬሌ ማስገባት ወይም ተጨማሪውን መብራት ኤልኢዲ ማድረግ ነው። ኤልኢዲ የሚፈልገው ኃይል ከ21 ዋቱ አምፖል በብዙ ያነሰ ከመሆኑም በላይ በኮረኮንች መንገድ መንቀጥቀጥ የሚበጠስ ክር የለውም። በተጨማሪም ከክር አምፖል ይልቅ በ0.2 ሴኮንድ ያህል ቀድሞ ይበራል። ይህ ለጆሮ ኢምንት ቢመስልም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚመጣ መኪና ከ4 ሜትር በላይ ነው።

ብዙ ተሳቢዎች ላይ መብራቱ ዛሬ በርቶ ነገ የሚጠፋው አምፖሉ ስለተቃጠለ ሳይሆን የመመለሻው ሽቦ ስለዛገ ነው። ጥቂት የማይባሉ ሠራተኞች የመመለሻ ሽቦ ለመቆጠብ ሲሉ መብራቱን በተሳቢው ብረት ላይ ብቻ ያስራሉ፤ ብረቱም ከትራክተሩ ጋር የሚገናኘው በመጎተቻው ፒን በኩል ይሆናል። ፒኑ ቅባትና አቧራ ስለሚይዝ መብራቱ እንደ ዕድል ይበራል፣ እንደ ዕድል ይጠፋል። የመመለሻው ሽቦ እስከ ስፒናው ድረስ ራሱን ችሎ መምጣት አለበት። መጋጠሚያው በብየዳ ወይም በማጣበቂያ ክሊፕ ይታሰር፤ በናስትሮም በደንብ ይጠቅለል። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አልፎ ከጎማና ከሹል ላሜራ መራቅ ይኖርበታል።

የመብራቱ ቦታ እንዲሁ በዘፈቀደ የሚመረጥ አይደለም። ብዙዎች መብራቱን በኋለኛው መዝጊያ ላይ ይገጥሙታል። መዝጊያው ለማራገፍ በተከፈተ ቁጥር ወርዶ ስለሚላተም መብራቱ አንድ ሳምንት እንኳ አይቆይም። ተገቢው ቦታ የማይንቀሳቀሰው የኋላ ማእዘን ብረት ወይም ለዚሁ ተብሎ የሚበየድ ቋሚ ነው። ቀለሙ ቀይ ብቻ ይሁን። በአንዳንድ የጭነት መኪናዎች ኋላ የሚታየው አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብልጭልጭ መብራት ለሠርግ ያምር ይሆናል፤ ከኋላ ላለው ሾፌር ግን ከማደናገር በስተቀር አንዳች ነገር አይነግረውም። ከማታ መብራቱ ጋር ተያይዞ ዘወትር የሚበራ የፍሬን መብራትም እንዲሁ ነው፤ ሁልጊዜ «ቆሜአለሁ» የሚል መብራት የቆመ ዕለት አይታመንም።

ለእህል በጆንያ ከሆነ ከላይ የተገለጸው ይበቃል። አስቸጋሪው የጭድ፣ የገለባና የሸንኮራ አገዳ ጭነት ነው፤ የቱንም ያህል ከፍ ተደርጎ ቢገጠም ጭነቱ ከሳጥኑ አልፎ ይሸፍነዋል። ለዚህ የሚሻለው በአውሮፓ ገበሬዎች ዘንድ ብዙ ዘመን የኖረው ተንጠልጣይ የመብራት ሰሌዳ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ጣውላ ወይም ላሜራ ተወስዶ በሁለቱ ጫፍ የማታ፣ የፍሬንና የፍሬቻ መብራት፣ በመሐሉ ደግሞ ተጨማሪው የፍሬን መብራት ይገጠምበታል። ከሰሌዳው የሚነሣው ገመድ እስከ ትራክተሩ ወይም እስከ መኪናው ሶኬት የሚደርስ ርዝመት ኖሮት በጫፉ ስፒና ይታሰርበታል። ጭነቱ ተጭኖ ገመድ ከታሰረ በኋላ ሰሌዳው ከጭነቱ የመጨረሻ ጫፍ ላይ በሁለት መንጠቆ ይንጠለጠላል። ሲራገፍ ይወርዳል።

የዚህ ሰሌዳ ትልቁ ጥቅም የአንድ ተሽከርካሪ ብቻ አለመሆኑ ነው። አንድ ማኅበር ሁለት ወይም ሦስት ሰሌዳ ቢያሠራ በየተራ ለሚመጡት የኪራይ ተሳቢዎች ሁሉ ያገለግላሉ፤ ለአባላት ጋሪም ቢሆን ትንሽ ባትሪ ከተገኘለት የማታ መብራቱ ይጠቅማል። የኬሚካል መርጫውና ሚዛኑ በማኅበሩ መጋዘን ተመዝግበው እንደሚወጡና እንደሚገቡ ሁሉ ሰሌዳውም በመጋዘን ሠራተኛው መዝገብ ላይ ተፈርሞ ሊወጣና ሊገባ ይችላል። ሰሌዳ ሲሠራ የ12 እና የ24 ቮልቱ ተለይቶ በትልቁ ቢጻፍበት መልካም ነው። በሁለቱም ቮልት የሚሠራ ኤልኢዲ ቢገኝ ደግሞ ጭቅጭቁ ይቀራል።

ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አንድ ቀን መክዳቱ ስለማይቀር ከመብራቱ ጎን አንጸባራቂ መለጠፍ ያስፈልጋል። ቀስ ብለው ለሚሄዱ የእርሻ መሣሪያዎች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተፈለሰፈው ባለ ሦስት ማእዘን ምልክት፣ መሐሉ ደማቅ ብርቱካናማ ዳሩ ቀይ አንጸባራቂ የሆነው፣ ለዚህ የታሰበ ነው። እርሱ ካልተገኘ ቀይ አንጸባራቂ ፕላስተር በሁለቱ የኋላ ማእዘኖች ላይ መለጠፍ ምንም ካለመኖር እጅግ ይሻላል። ለጋሪ ከዚህ የተሻለ ርካሽ መፍትሔ የለም።

ስለ ሾፌሮቹ ሳይነሣ የማይታለፍ ነገር አለ። ብዙ የትራክተር ሾፌሮች የተማሩት በማሳ ላይ ነው። በማሳ ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው የእጅ ነዳጅ መስጫውን በመመለስ ስለሆነ ፍሬን የሚረገጠው አልፎ አልፎ ነው። በመንገድ ላይ በዚያው ልማድ ከተነዳ ትራክተሩ ይዘገያል፣ የፍሬን መብራቱ ግን አይበራም፤ መብራቱ የሚበራው መርገጫው ሲረገጥ ነውና። አባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲወርድ በከባድ ማርሽና በሞተር ፍሬን ለሚሄድ የጭነት መኪናም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በሞተር ፍሬን መውረዱ ትክክለኛ አነዳድ ነው፤ ግን ለመዝገም ወይም ለመቆም ያሰበ ሾፌር አስቀድሞ መርገጫውን ሁለት ጊዜ በቀስታ መንካትና ኋለኛውን ማስጠንቀቅ ይኖርበታል።

ትራክተር የግራና የቀኝ ጎማ ፍሬን ለየብቻ መርገጫ አለው። ይህ በማሳ ጫፍ ላይ በአጭሩ ለመዞር የተሠራ ነው። ወደ መንገድ ሲወጣ ሁለቱ መርገጫዎች በማያያዣው መቆለፍ አለባቸው፤ ካልተቆለፉና አንዱ ብቻ ከተረገጠ ትራክተሩ በድንገት ወደ አንድ ጎን ይጎተታል፣ ተሳቢውም ከኋላ ይገፋዋል። በአንዳንድ ትራክተር ላይ ደግሞ የመብራቱ ማብሪያ ከአንደኛው መርገጫ ጋር ብቻ የተያያዘ ስለሆነ ሌላው ሲረገጥ መብራቱ ጭራሹን አይበራም። መብራት የሚገጥመው ሠራተኛ ይህን ሳያረጋግጥ ገንዘቡን ሊቀበል አይገባውም።

ይህን ሁሉ የሚሰሙ የትራክተርና የመኪና ባለቤቶች የሚሰጡት መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ትራክተር የማሳ እንጂ የመንገድ አይደለም ይላሉ፤ የሚሄደው ከቀበሌ እስከ ቀበሌ ነው፣ ትራፊክ ፖሊስም በዚያ የለም ይላሉ። ተሳቢው በአስፋልቱ ላይ የሚያቋርጠው ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ አውቶቡሱ የሚመጣው በዚያው ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሌላው መልስ መብራቱ ይሰረቃል የሚል ነው። ይህኛው እውነትነት አለው። በየገበያው አዳር የቆመ መኪና መብራት ተፈቶ ማደሩ እንግዳ ነገር ስላልሆነ ቋሚው መብራት በሽቦ ወንፊት ቢሸፈንና ብሎኑ በብየዳ ቢነካ ይመረጣል፤ ተንጠልጣዩ ሰሌዳ ደግሞ ከሾፌሩ ጋር በጋቢና ውስጥ ያድራል።

መሪዎቹ በዚህ ጉዳይ ላይ አቅም የላቸውም ማለት አይቻልም። ትራክተሩና መኪናው አብዛኛውን ጊዜ የግለሰብ ነው፤ ጭነቱ ግን የአባላት ነው። ዩኒየኑ ወይም መሠረታዊ ማኅበሩ የማጓጓዣ ውል ሲዋዋል ዋጋውን፣ የሚነሣበትን ቀንና የኩንታሉን ብዛት ይጽፋል። በዚያው ውል ላይ የኋላ መብራቱ በጭነት ላይ ሆኖ የሚታይና የሚሠራ መሆኑን የሚያስገድድ አንድ መስመር መጨመር ወጪ የለውም። መብራት የሌለው ባለ መኪና ጭነት እንደማያገኝ ካወቀ በሚቀጥለው ሳምንት አስገጥሞ ይመጣል። ውሉን የሚፈርሙት አንድ ሁለት ማኅበራት ብቻ ከሆኑ ግን ባለ መኪናው ወደ ጎረቤት ቀበሌ ዞሮ ይጭናል። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ያሉ ማኅበራት ከመኸሩ በፊት ተነጋግረው አንድ ዓይነት ውል መያዛቸው አስፈላጊ ነው። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና የትራፊክ ፖሊሱ በዚህ ስብሰባ ላይ ቢገኙ ሥራው ይቀልላል።

ቁጥጥሩ የሠለጠነ ባለሙያ አይጠይቅም። ጭነቱ ከታሰረ በኋላ፣ መኪናው ከአውድማ ከመነሣቱ በፊት፣ ሾፌሩ ፍሬኑን ይረግጣል፤ ከማኅበሩ የተወከለው ሰው 100 እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ርቆ ያያል። በቀን ፀሐይ ካልታየ መብራቱ ደካማ ነው። ከዚያ የግራና የቀኝ ፍሬቻ፣ ቀጥሎም የማታ መብራቱ ይታያል። በጥርጊያ መንገድ የመጣ ተሳቢ መስተዋቱ በአቧራ ስለሚሸፈን ወደ አስፋልት ከመውጣቱ በፊት ረዳቱ ወርዶ በጨርቅ ሊጠርገው ይገባል። ብዙ ጊዜ ጠፍቷል የተባለው መብራት ተጠርጎ ሲታይ የሚሠራ ሆኖ ይገኛል።

መኸሩ ሲያልቅ ሰሌዳዎቹ ተጠርገው፣ የስፒናው እግሮች ከዝገት ጸድተው በቀጭኑ ቅባት ተነክተው ወደ መጋዘን ይገባሉ። ገመዱ ተጠቅልሎ ከእህሉ ጎን መሬት ላይ መጣል የለበትም፤ አይጥ የሽቦውን ልባስ ስለሚበላው ሰሌዳው ከነገመዱ በግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ በምስማር ይሰቀል።